የሚፎክር ሌባና የሚያዳምጥ ሌባ

 

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ሌባ ነው። በር ሰብሮ ስለሚገባው አይደለም፤ በኔትወርክ ስለሚገባው።

ሰኔ 2012 ኢንሳ መግለጫ አወጣ፤ ታስታውሳላችሁ። ከግብፅ የተነሳ የሳይበር ጥቃት አክሽፌያለሁ አለ። ቡድኖቹንም በስም ጠራ፦ ሳይበር ሆረስ፣ አኑቢስ ሃከር፣ ሴኪዩሪቲ ባይፓስድ። ዓላማቸው በህዳሴ ግድብ ሙሌት ምክንያት ኢኮኖሚያዊ፣ ሥነ ልቦናዊና ፖለቲካዊ ጫና መፍጠር ነበር አለ። የመንግሥት ድረ ገጽ ላይ የፈርዖን አፅም ለጥፈው ሲፎክሩ ያየ አይቷል። ሙሌቱ ግን አልቆመም፤ ሐምሌ ላይ የመጀመሪያው ዙር ተጠናቀቀ። እናቶቻችን ከመቀነታቸው ፈትተው ቦንድ የገዙለት ግድብ በፎቶ አይቆምም!

እኔን የሚያሳስበኝ ግን የሚፎክረው አይደለም፤ ዝም ብሎ የሚያዳምጠው ነው። ጥር 2010 የፈረንሳዩ ለሞንድ ጋዜጣ ምን ጻፈ? እዚሁ አዲስ አበባ፣ ቻይና በ200 ሚሊዮን ዶላር ሠርታ በስጦታ ካስረከበችው የአፍሪካ ኅብረት ሕንፃ፣ ለአምስት ዓመት በየሌሊቱ ከስድስት እስከ ስምንት ሰዓት መረጃ ወደ ሻንጋይ ይሄድ ነበር ብሎ ጻፈ። ቻይና ሐሰት ነው አለች። እውነትም ይሁን ውሸት፣ እኛ የሰማነው ከፓሪስ ነው። ይሄ ነው የሚያንገበግበው።

«ቢሰሙንስ ምን ይጎድልብናል?» የሚል አይጠፋም። ቆቦ ገበያ ማሽላ ይዞ የወጣ አባትህ የመጨረሻ ዋጋውን ለነጋዴው ቀድሞ ይነግረዋል? ነጋዴው ያቺን ቁጥር ሰርቆ ሰምቶ ከመጣ ድርድር የሚባል ነገር የለም፣ አለቀ። ሀገርም ብድር ስትዋዋል፣ ቡና ስትሸጥ፣ ስለ ዓባይ ስትደራደር እንደዚያው ናት።

ስለዚህ መንግሥትን እንጠይቅ። «አከሸፍኩ» ብቻ አይበቃም፤ ያልከሸፈው ስንት ነው? ምን ተወሰደ? ደግሞ መሣሪያው ወደ ራሳችን ሰው እንዳይዞር። የካናዳው ሲቲዝን ላብ የካቲት 2006 በውጭ ያሉ የኢሳት ጋዜጠኞች ላይ የተሞከረውን ስለላ ሲያጋልጥ፣ ጣቱ የጠቆመው ወደ ካይሮ አልነበረም፤ ወደ አዲስ አበባ ነበር።

አሁን ስልካችሁን አውጡ። እዚሁ፣ ቁጭ እንዳላችሁ። ቴሌግራም ሴቲንግ ውስጥ ግቡና ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን አብሩ። የቴሌብር ፒናችሁ የልደት ቀናችሁ የሆነ ደግሞ፣ አውቃለሁ አላችሁ፣ ዛሬ ማታ ሳትተኙ ቀይሩት።