የወሊድ መከላከያ እንክብልና የእህቶቻችን ልብ

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

ምስጋና ለአላህ (ሱ.ወ) የተገባ ነው፤ ሰላትና ሰላም በነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ላይ ይሁን።

የተከበራችሁ አድማጮቻችን! «እንክብል መውሰድ ይፈቀዳል ወይ?» የሚል ጥያቄ ከእህቶች ይደርሰናል። ባልና ሚስት ተስማምተው በጊዜያዊ መከላከያ ልጆቻቸውን ቢያራርቁ ብዙ ዑለማዎች ፈቅደዋል፤ በነቢዩ ዘመን ሶሐቦች ዐዝል ያደርጉ እንደነበር ጃቢር (ረ.ዐ) አውርተዋል። ፈቃዱ ግን «ጉዳት ከሌለው» የሚል ቅድመ ሁኔታ አለው። ዛሬ የምናነሳው ይህንኑ ነው።

በርካታ እንክብሎች ኤስትሮጅን የተባለ ሆርሞን አላቸው። ኤስትሮጅን ደም በቀላሉ እንዲረጋ ያደርጋል፤ በአንዳንድ ሴቶችም ግፊት ይጨምራል። የረጋ ደም የልብን ደም ሥር ሲዘጋ ሃርት አታክ ይከተላል። በዴንማርክ 1.6 ሚሊዮን ሴቶችን ለ15 ዓመት የተከታተለና በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ ከሚወስዱትም ከማይወስዱትም በድምሩ 1,725 ሃርት አታክ መዝግቧል። የተለመደውን መጠን በሚወስዱት ላይ አደጋው እስከ እጥፍ ገደማ ከፍ ብሎ ተገኝቷል። ስለዚህ ለወጣትና ጤነኛ ሴት አደጋው ትንሽ ነው።

ለሁሉም ግን አንድ አይደለም። ግፊቷ 160/100 የደረሰ፣ ከ35 ዓመት በላይ ሆና ሲጋራ የምታዘወትር፣ ደም ረግቶባት የሚያውቅ፣ ወይም ከራስ ምታቷ በፊት ብልጭታ የሚታያት ሴት ይህን እንክብል መውሰድ የለባትም። ከ140/90 ጀምሮም ሌላ አማራጭ ይፈለግላት።

በተለይ ለሐጅ ወይም ለረመዳን ሐይድን ለማዘግየት እንክብል ከጎረቤት ተቀብለው የሚውጡ እናቶች ያስቡበት። ግፊት ያለባት እናት ረጅም በረራ ሲጨመርባት ደም የመርጋት አደጋዋ ይበረታል። ሸሪዓው አላስጨነቃትም፤ ጾሙን ቀዷ ታወጣለች፤ በሐጅም እስክትጠራ ጠዋፍን ብቻ ታቆያለች።

ባሎች ሆይ! ከፋርማሲ ገዝታችሁ ከማምጣታችሁ በፊት ሚስቶቻችሁን ወደ ጤና ጣቢያ ይዛችሁ ሂዱ። ግፊት መለካት ጥቂት ደቂቃ ነው። እህቶችም ሕመማችሁን ከሐኪም አትደብቁ። ፈርታችሁም በራሳችሁ አታቋርጡ፤ ለግፊት በሽተኛ ያልታሰበ እርግዝናም አደጋ አለው። ሉፕን የመሳሰሉ ኤስትሮጅን የሌላቸው መከላከያዎች አሉና ጠይቁ።

ደረት ሲጨምቅ፣ ሕመሙ ወደ ክንድ ወይም መንጋጋ ሲሄድ፣ ትንፋሽ ሲያጥርና ሲያልብ «ጨጓራዬ ነው» ብሎ መተኛት አይገባም፤ ወዲያው ወደ ሆስፒታል ነው። አካላችን አማና ነው፤ እንጠየቅበታለን።

አላህ (ሱ.ወ) ቤታችንን በጤና ይጠብቅልን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።