የኢኮኖሚ ድቀት፣ የመንግሥት ፖሊሲና ክርስቲያናዊ ኅሊና



ኢኮኖሚ ሲደቅ መንግሥት ምን ያድርግ? ጥያቄው ለኢኮኖሚክስ ሊቃውንት ብቻ የሚተው አይደለም፤ ሸክሙ በማን ትከሻ ላይ ይውደቅ የሚል የፍትሕ ጥያቄ በውስጡ አለና። ለማስረጃነት የማቀርበው እ.ኤ.አ. በ1929 የጀመረውን ታላቁን የኢኮኖሚ ድቀት ነው።

ከ1930 እስከ 1932 የጀርመን መራሔ መንግሥት የነበረው ሃይንሪኽ ብሩኒንግ አጥባቂ ካቶሊክ ነበር። በአስቸኳይ ድንጋጌዎች ደመወዝንና የሥራ አጦችን ድጎማ ቀነሰ፤ ግብርም ጨመረ። በእርግጥ የጦር ካሣ ዕዳ አስጨንቆት ነበር፤ በ1923 የደረሰው የዋጋ ንረትም ከሕዝቡ ልብ አልወጣም። ሆኖም ቁጠባ ለአንድ ቤት በጎ ምግባር ቢሆንም፣ አገር እንደ አንድ ቤት አይደለችም። የአንዱ ወጪ የሌላው ገቢ ነውና፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ እጁን ሲሰበስብ የሁሉም ገቢ ይደርቃል። በ1932 መጀመሪያ የተመዘገቡት ሥራ አጦች 6 ሚሊዮን ደረሱ። ተስፋ የቆረጠው ሕዝብ ወዴት እንዳዘነበለ ታውቃላችሁ።

በአሜሪካም በ1933 ከአራት ሠራተኞች አንዱ ሥራ አጥ ነበር፤ በሺህ የሚቆጠሩ ባንኮችም ተዘግተው ነበር። የሩዝቬልት መንግሥት ለባንክ ተቀማጮች ዋስትና ሰጠ፤ ለሥራ አጦች የሕዝብ ሥራዎችን ከፈተ። ይሁን እንጂ ያው መንግሥት በዚያው ዓመት የእርሻ ምርት ዋጋን ለማሳደግ ሲል 6 ሚሊዮን ያህል የአሳማ ግልገሎችን ገዝቶ አሳረደ። ከሥጋው ከፊሉ ለችግረኞች ቢታደልም፣ በተራበ ሕዝብ መካከል ምግብ ማጥፋት ብዙዎችን አሳዝኗል። የ1935ቱ የማኅበራዊ ዋስትና ሕግም የእርሻና የቤት ሠራተኞችን አላካተተም። ስለዚህ «መንግሥት ጣልቃ ይግባ» ማለት ብቻውን በቂ መልስ አይሆንም።

ምጽዋት የቤተ ክርስቲያን ድርሻ ነው፤ መንግሥት እጁን ያስገባ እንደ ሆነ ፍቅር ትቀዘቅዛለች የሚሉ አሉ። ክርክሩን በአክብሮት እሰማለሁ። ነገር ግን በድቀት ዘመን የሰጪው ገቢ ከተቀባዩ ገቢ ጋር አብሮ ይደርቃል፤ ምጽዋት የሚጎድለው እጅግ በሚፈለግበት ጊዜ ነው። ጳጳስ ፒዮስ 11ኛ በ1931 ባወጡት መልእክት፣ ታናናሽ ማኅበራት ሊሠሩት የሚችሉትን ታላቁ አካል እንዳይነጥቃቸው አስተምረዋል። እኔ እንደምረዳው፣ ዕድርን የመሰለ ማኅበር አቅሙ ሲያልቅ መንግሥት ሊደግፈው እንጂ ሊተካው አይገባም።

ቅዱስ መጽሐፍ ዝርዝር ፖሊሲ አይሰጠንም፤ ሚዛን ግን ይሰጠናል። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 20 እስከ አሥራ አንደኛው ሰዓት በገበያ የቆሙት ሠራተኞች ሥራ የፈቱት የሚቀጥራቸው አጥተው ነው፤ ባለ ወይኑም የቀኑን ደመወዝ አልከለከላቸውም። ሥራ አጥነትን ሁሉ ስንፍና ብሎ ለሚፈርድ ሰው ይህ ተግሣጽ ነው።

የዮሴፍ ታሪክ ግን ይበልጥ ያስጨንቃል። በጥጋብ ዘመን ከምርቱ አምስተኛውን እጅ ማከማቸቱ ሕዝብን ከሞት አዳነ። ሆኖም በዘፍጥረት ምዕራፍ 47 እንደምናነበው፣ ሕዝቡ ለእህል ሲል መጀመሪያ ገንዘቡን፣ ቀጥሎ ከብቱን፣ በመጨረሻም መሬቱንና ራሱን ለፈርዖን ሸጠ። ያልተሸጠው የካህናቱ መሬት ብቻ ነበር። የሃይማኖት ሰዎች ይህን ልብ ልንለው ይገባል፤ የራሳችን ድርሻ ሳይነካ የሌላውን ነፃነት ማጣት በዝምታ መመልከት ይቻላልና።

እንግዲህ ለእናንተ ለተማሪዎች የምተወው አደራ ይህ ነው። ነገ የበጀት ሰንጠረዥ በፊታችሁ ሲቀርብ የጉድለቱን መጠን በትክክል አስሉ፤ ዛሬ የምንበደረውንም ነገ ልጆቻችን እንደሚከፍሉት አትዘንጉ። ከዚያም ቅነሳው በማን ማዕድ ላይ እንዳረፈ፣ እርዳታውም ሰውን ነፃ እንዳደረገ ወይም ጥገኛ እንዳደረገ ጠይቁ። ይህን የማይጠይቅ ሒሳብ፣ ቁጥሩ ቢሰምርም እንኳ ገና አልተሠራም።