ከምርት በኋላ የሚከፈል ማበረታቻ፦ የሕንድ በጀትና የፋብሪካ ፖሊሲ

አቅራቢ አንድ፦ የሕንድ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2020 በራስ የመቻልን መርሕ ሲያውጅ ከበጀቱ ጋር ያቆራኘው ዋነኛ መሣሪያ በምርት ላይ የተመሠረተ ማበረታቻ ሲሆን፣ ይህም አንድ ፋብሪካ ከመነሻው ዓመት ሽያጭ በላይ ባስመዘገበው ጭማሪ ልክ ከመንግሥት ካዝና የሚከፈለው ገንዘብ ነው። ለ14 ዘርፎች 1.97 ትሪሊዮን ሩፒ ገደማ ተመድቧል፤ ለሞባይል ስልክ አምራቾች የተቀመጠው ምጣኔም ከ4 እስከ 6 በመቶ ነበር።

አቅራቢ ሁለት፦ የአሠራሩ ብልኃት ክፍያው ከምርቱ በኋላ መምጣቱ ነው፤ ባለሀብቱ መሬትና የግብር እፎይታ አስቀድሞ ወስዶ አጥር ብቻ አቁሞ የሚሰወርበት ዕድል ይጠባል፣ ይህም አደጋ ለኢትዮጵያ አድማጭ እንግዳ አይደለም። ይሁንና መለኪያው ሽያጭ እንጂ የተጨመረ እሴት፣ ማለትም ከምርቱ ዋጋ የግብዓቶቹ ዋጋ ሲቀነስ የሚተርፈው ድርሻ፣ ባለመሆኑ፣ ቺፑንና ስክሪኑን ከውጭ አስመጥቶ የሚገጣጥም ድርጅትም ተሸላሚ ይሆናል። ይህ በራስ መቻል ይባላል?

አቅራቢ አንድ፦ በከፊል ብቻ። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2025 የቀረበው በጀት ለሞባይል ባትሪ ማምረቻ 28፣ ለኤሌክትሪክ ተሽከርካሪ ባትሪ ማምረቻ ደግሞ 35 ተጨማሪ የካፒታል ዕቃዎችን፣ ይኸውም ሌላ ምርት የሚመረትባቸውን መሣሪያዎች፣ ከቀረጥ ነጻ ከሚገቡት ጋር የደመረው ይኸው ጉድለት በመታየቱ ይመስላል።

አቅራቢ ሁለት፦ ከውጭ ጥገኝነት ለመውጣት የውጭ ማሽን በርካሽ ማስገባት ግድ ሆነ ማለት ነው። ከዚህ የከበደው ግን ማበረታቻውን የሚከፍለው መንግሥት ራሱ ያለበት የዕዳ ጫና ነው፤ በዚያው በጀት ለወለድ ክፍያ የተያዘው 12.76 ትሪሊዮን ሩፒ ለካፒታል ወጪ ከተመደበው 11.21 ትሪሊዮን ይበልጣል።