ጊታሩ ቢጮህም ቅኝቱ የማን ነው?

(ከደሃና የመጣን ተማሪዎች በማኅበሩ ስብሰባ ያደረግነው ንግግር)



ስለ ዘመናዊ ዘፈን እንድንናገር በተጠየቅን ጊዜ፥ «ከዋግ ደጋ የመጣ ስለ ሮክ ምን ያውቃል?» ብለው የሳቁ አልጠፉም። እኛ ግን ማሲንቆ እየሰማን ስላደግን ሻካራ ድምፅ አያስደነግጠንም።

ነገራችን ጃኖ ባንድ በ2012 እ.ኤ.አ. ስላወጣው «ኤርታሌ» ስለተባለው አልበም ነው። ጃኖ ጥለቱ ቀይ የሆነ የመኳንንት ልብስ ነው፤ ኤርታሌም በአፋር ምድር ዘወትር የሚነድ እሳተ ገሞራ ነው። የአዲስ አበባ ወጣቶች ሁለቱን ስሞች አጋጥመው፥ በሁለት ወንዶችና በሁለት ሴቶች ድምፅ፥ የአማርኛ ዘፈን ከከባድ ጊታር ጋር አቀረቡ። ፕሮዲዩሰሩ አሜሪካዊው ቢል ላስዌል ነበር። እርሱም በ1986 ሞተርሄድ የተባለውን የሄቪ ሜታል ባንድ፥ በ2001 ደግሞ እጅጋየሁ ሽባባውን ያስቀረጸ ሰው ነው።

አልበሙን ወጣቶች በደስታ ሲቀበሉት፥ «ጩኸት ነው፤ የፈረንጅ ግልባጭ ነው» የሚሉም አሉ። በመኝታ ክፍላችን እንኳ ክርክሩ ገና አልበረደም። ስለዚህ የነገሩን ሥር እንመርምር።

የሮክ ጊታር በማጉያ ተገፍቶ ሲሻክር፥ ብዙ ድምፅ ባንድነት ቢመታበት ይደፈርሳል። ስለዚህ ተጫዋቹ ብዙውን ጊዜ ሁለት ድምፅ ብቻ ያጣምራል። የእኛ ዜማ ደግሞ በአምስት ድምፅ ቅኝት፥ በትዝታ፥ በባቲ፥ በአምባሰልና በአንቺሆዬ፥ ብቻውን የሚሄድ ነው። ጊታሩ ባዶ ቦታ ስለሚተውለት ቅኝቱ ሳይሰበር ሊያልፍ ይችላል። መሻከሩንም ቢሆን የማሲንቆ ጭራ ሲፋጭ ከልጅነታችን ሰምተነዋል።

መሣሪያው ከውጭ መጣ ለሚሉም ታሪክ መልስ አለው። በ1924 እ.ኤ.አ. ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም አርባ የአርመን ልጆች ሲያስመጡ፥ ጥሩምባቸው ለአገሩ ጆሮ እንግዳ ነበር። ዛሬ ግን ወርቃማ ዘመን እያልን የምንናፍቀው የ1960ዎቹና የ1970ዎቹ ዘፈን ያለ ጥሩምባ አይታሰብም።

ይህን ስንል የሚጮኸው ሁሉ መልካም ነው ማለታችን አይደለም። ቅኝቱ ጠፍቶ ጩኸቱ ብቻ ከቀረ ነቃፊዎቹ እውነት አላቸው። መለኪያው ግን ጊታሩ ሳይሆን ቅኝቱና ቃሉ ይሁን እንላለን።

እኛን የሚያሳስበን ሌላ ነው። በአማርኛ የሚዘፍን ብዙ ነው፤ በኽምጣኛ የሚዘፈነው የዋግ የሠርግና የለቅሶ ዜማ ግን አብዛኛው በአረጋውያን አፍ ብቻ የሚኖር ነው። እነርሱ ሲያልፉ አብሮ ያልፋል፤ ያን ጊዜ በጊታርም በማሲንቆም የሚነሣ ነገር አይኖርም።

ስለዚህ ለዕረፍት ወደ አምደወርቅና ወደ ሰቆጣ ስንወጣ ያንን ዜማ ከነቃሉ ቀርጸን ልናመጣ ተስማምተናል። መምህራን አጻጻፉን ምሩን፤ ጊታር ያላችሁም ተቀበሉን።