ችሎት በዘመነ ወረርሽኝ

ፍርድ ቤቶቻችን ለሕዝብ ጤና አደጋ አስቀድመው እንዴት ሊሰናዱ እንደሚገባ እንድናገር ጉባኤው ጠርቶኛል።

ደዌና ብድብድ ለአገራችን እንግዳ አይደሉም። በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ አዲስ አበባን በመታ ጊዜ አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ እንኳ ታመው እንደ ዳኑ፣ ለሙታንም ቀባሪ እንደ ታጣ ከአባቶቻችን ሰምተናል። እኔን ግን ሁልጊዜ የሚያሳስበኝ፣ በዚያ ዘመን ሥርዐት ባለዕዳና ባለገንዘብ በሰንሰለት ወይም በነጠላ ጫፍ ተቆራኝተው ዳኛ ይጠብቁ የነበሩ መሆናቸው ነው፤ ከሁለቱ አንዱን ትኩሳት ቢይዘው፣ ዳኛውም በአልጋ ላይ ቢወድቅ፣ ቁራኛውን ማን ይፈታዋል?

ይህ ጥያቄ በዘመናችንም ተመልሶ መጥቷል። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ መገኘቱ ከተነገረ በኋላ የፌዴራል ፍርድ ቤቶች ከአስቸኳይ ጉዳዮች በቀር በከፊል ተዘጉ፤ መጋቢት 30 ቀንም ለ5 ወራት የሚጸና የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታወጀ፤ የተላለፈውም እስከ 3 ዓመት በሚደርስ ቀላል እስራት ወይም ከ1,000 እስከ 200,000 ብር በሚደርስ መቀጮ እንዲቀጣ ተደነገገ። አስተውሉ፤ አዲስ ጥፋት በተደነገገበት፣ ፖሊስም አፍና አፍንጫውን ያልሸፈነውን ከመንገድ በሚይዝበት በዚያው ወራት የችሎቱ ደጅ ጠበበ። ወኅኒ ቤቱ እንዳይጨናነቅ 4,011 እስረኞች በይቅርታ መለቀቃቸው የሚመሰገን ነው፤ ይቅርታ ግን ለተፈረደበት እንጂ ገና ዳኛ ፊት ላልቀረበው አይደርስም።

ብዙ ዘመን የደከምሁበት ነገር እዚህ ላይ ስለ ሆነ ጥቂት ታገሡኝ። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 19 ንኡስ 3 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ያዝዛል፤ በንኡስ 4 ደግሞ ይህ ያልተፈጸመለት ሰው የአካል ነጻነቱ እንዲከበርለት ፍርድ ቤትን የመጠየቅ ሊጣስ የማይችል መብት እንዳለው ይናገራል። በአንቀጽ 93 ግን በአስቸኳይ ጊዜ እንኳ ከማይነኩት መካከል የተቈጠሩት አንቀጽ 1፣ 18፣ 25 እና የ39 ንኡስ 1 እና 2 ብቻ ናቸው። ሊጣስ አይችልም የተባለው መብት ከማይነኩት ተራ አልገባም። የአስቸኳይ ጊዜውን አፈጻጸም የሚከታተል መርማሪ ቦርድ አለ የሚለኝ ይኖራል፤ ቦርዱ ግን የታሰሩትን ስም ይፋ እንዲያደርግ የተወሰነለት ጊዜ አንድ ወር ነው፤ በአንድ ክፍል ታጉረው እርስ በርሳቸው ለሚተነፋፈሱ ሰዎች አንድ ወር ምን ያህል ረጅም እንደ ሆነ ሐኪም ሁሉ ይመሰክራል።

ሰዓቱ እየገፋ ስለ ሆነ መሰናዶውን በአጭሩ ላውሳ። አስቸኳይ የሚባለው ጉዳይ የትኛው እንደ ሆነ በየጊዜው በሚለጠፍ ማስታወቂያ ሳይሆን አስቀድሞ በሕግ ይዘርዘር፤ በፍርድ ቤት ግቢ በር ላይ ልጇን አዝላ ማስታወቂያውን ሌላ ሰው እንዲያነብላት የምትለምን የቀለብ ከሳሽ አይቻለሁና፣ ቀለብ ከዋስትናና ከአካል ነጻነት ጋር ይቈጠር። በርቀት በምስል የሚያከራክረው ፕላዝማ ወደ ማረሚያ ቤትና ወደ ፖሊስ ጣቢያ ይድረስ፤ መብራት በሌለበት ወረዳ ተዘዋዋሪ ችሎት ከዛፍ ጥላ ሥር ይቀመጥ፤ የይግባኝና የይርጋ ጊዜም ችሎት በተዘጋበት ወራት አይቈጠር። ከሁሉ በፊት ግን፣ ሕገ መንግሥትን ማሻሻል ከባድ ቢሆንም፣ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ወደፊት የሚቀርብለትን የወረርሽኝ ዐዋጅ ከማጽደቁ በፊት የአንቀጽ 19 ንኡስ 4 መብት አይታገድም የሚል አንድ ዐረፍተ ነገር እንዲጨምርበት በዚህ ጉባኤ ፊት አጥብቄ እለምናለሁ።