የሆልሳንድስ ጠጠር



በእንግሊዝ አገር፣ በዴቮን ደቡባዊ ጠረፍ፣ ከስታርት ፖይንት የባሕር ፋና ወደ ሰሜን የሚጓዝ ጎብኚ ከገደሉ አፋፍ ቁልቁል ሲመለከት ጣሪያ የሌላቸው ግድግዳዎች ያያል። ይህ ሆልሳንድስ የተባለው የዓሣ አጥማጆች መንደር ፍርስራሽ ነው። እ.ኤ.አ. በ1891 መንደሩ 37 ቤቶችና 159 ነዋሪዎች ነበሩት።

ቤቶቹን ከማዕበል ይጠብቅ የነበረው ከፊታቸው የተከመረው ጠጠር ነው። በ1897 በፕሊመዝ ለሚስፋፋው የባሕር ኃይል ወደብ ኮንክሪት ጠጠሩ ከዳርቻው ይዛቅ ጀመር። የጎደለውን ባሕሩ ይተካዋል ተብሎ ተገመተ። ጠጠሩ ግን በበረዶው ዘመን ማብቂያ የተከማቸ፣ ምትክ የሌለው ነበር። ዓሣ አጥማጆቹ አቤት ቢሉ በዓመት 125 ፓውንድ ካሣ ተቆረጠላቸው፤ ቁፋሮው ግን ቀጠለ። ባሕሩን ከማንም ይልቅ የሚያውቁት እነርሱ መሆናቸውን ያሰበ አልነበረም። ሥራው በ1902 ሲቆም 650,000 ቶን ያህል ወጥቶ ነበር፤ ዳርቻውም በብዙ ጫማ ዝቅ ብሎ ነበር።

ጥር 26 ቀን 1917 ሌሊት የምሥራቅ ነፋስና የባሕሩ ሙላት ተገጣጠሙ። የመከላከያው ግንብ ተናደ፤ በመጨረሻም ለመኖሪያ የሚሆን አንድ ቤት ብቻ ቀረ። የሞተ ሰው ግን አልነበረም። በዚያችው ቤት የመጨረሻዋ ነዋሪ እስከ 1964 ድረስ ኖሩ።