ኀዘን ለደረሰባቸው ሕፃናት ስለ ታሰበው የክረምት ካምፕና ስለ ገንዘቡ አሰባሰብ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ስም የተደረገ ንግግር)



በዚህ የደስታ ቀን ስለ ኀዘን እንድንናገር ስለ ፈቀዳችሁልን አስቀድመን እናመሰግናለን። አንዳንድ ጓደኞቻችን «በበዓል ቀን ይህ ምን ወሬ ነው?» ብለውን ነበር። ነገር ግን የቀድሞ ተማሪዎች ከቅርብም ከሩቅም ተሰብስበው የሚገኙበት ሌላ ቀን ስለሌለን ይህንኑ ቀን መረጥን።

ብዙዎቻችሁ እንደ ሰማችሁት፣ ወላጅ የሞተባቸውን 24 የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች በመጪው ክረምት ለ5 ቀን በዚሁ ግቢ ሰብስበን ለማዋል አስበናል። አሳቡ ከእኛ የፈለቀ ስላይደለ ከየት እንደ መጣ መናገር ይገባናል። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

በአሜሪካ አገር ወይዘሮ ሊን ሂውዝ የሚባሉ ሴት እናታቸው በ9 ዓመታቸው፣ አባታቸው ደግሞ በ12 ዓመታቸው ሞቱባቸው። አድገው ትዳር ከያዙ በኋላ በ1998 በቨርጂንያ «ኮምፈርት ዞን ካምፕ» የተባለውን ማኅበር ከባለቤታቸው ጋራ አቋቋሙ። በዚያ ካምፕ ልጆቹ የሚከፍሉት ገንዘብ የለም፤ ለእያንዳንዱም ልጅ ከጧት እስከ ማታ ከአጠገቡ የማይለይ አንድ ትልቅ ጓደኛ ይመደብለታል። እንደዚሁም የታወቀው የቤዝቦል ተጫዋች ጄሚ ሞየርና ባለቤቱ፣ በ2000 በ17 ዓመቷ በጉበት ካንሰር የሞተችውን ኤሪን የተባለች ልጃገረድ ለማስታወስ፣ በ2002 በዋሽንግተን ክፍለ ሀገር «ካምፕ ኤሪን»ን ጀመሩ። ኤሪን ታማ ሳለች ትጨነቅ የነበረው ለራሷ ሳይሆን ለእኅቶቿ ነበር ይባላል።

በእነዚህ ካምፖች ልጆች ይዋኛሉ፣ ኳስ ይጫወታሉ፤ ከዚያም በትንንሽ ክብ ተቀምጠው የሞተባቸውን ሰው ስም ጠርተው ይናገራሉ። መናገር ያልፈለገ ዝም ይላል። ሲመሽ በስሙ መብራት ያበራሉ። በ1992 በእንግሊዝ አገር የተቋቋመው «ዊንስተንስ ዊሽ» የተባለው ማኅበር ደግሞ ጨው በልዩ ልዩ ቀለም ያስቀልምና ልጁ በብርጭቆ ዕቃ ውስጥ በየተራ እንዲሞላው ያደርጋል፤ አንዱ ቀለም የአባቱ ሣቅ ነው፣ ሌላው አብረው የሄዱበት መንገድ ነው። ልጁ ዕቃውን ይዞት ወደ ቤቱ ይገባል። (በእኛ ክረምት ዝናብ ሲወርድ በእነርሱ ዘንድ ያው ወራት ፀሐይ ነው፤ ስለዚህ የእነርሱ ሕፃናት በሐይቅ ዳር ሲውሉ የእኛዎቹ ጭቃ የረገጠ ጫማቸውን አውልቀው በአዳራሹ ውስጥ መዋላቸው ነው። የቀለሙ ጨው ግን እዚህም ይገኛል።)

በአገራችን ኀዘንተኛ ብቻውን አይተውም፤ ይህ ልማዳችን የሚያስመሰግነን ነው። ድንኳኑ ይተከላል፣ እድርተኛው ይመጣል፣ ሠልስቱም አርባውም አይቀርም። ነገር ግን ይህ ሁሉ ለትልልቆቹ ነው። ሕፃኑን ወደ ጎረቤት ቤት እንልከዋለን፤ «አባትህ ለሥራ ሄዷል» እንለዋለን፤ ከጓደኞቹ አፍ እስኪሰማው ድረስ በር በር ሲያይ ይከርማል። ይህን የምናደርገው በክፋት ሳይሆን በርኅራኄ ነው። ቢሆንም ልጁ ማወቁ አይቀርም፤ ያወቀውንም የሚነግረው ሰው አያገኝም። የኢዮብ ወዳጆች አፋቸውን ከመክፈታቸው በፊት ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ከእርሱ ጋራ በመሬት ላይ መቀመጣቸውን በጧቱ ትምህርታችን ተምረናል። በኋላ የተናገሩት ሁሉ ስሕተት ነበረ፤ የመጀመሪያዎቹ ሰባት ቀናት ግን መልካም ነበሩ።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንመለስ። የሚያስፈልገን 180,000 ብር ነው። ከዚህ ውስጥ 108,000ው ለልጆቹና ለረዳቶቹ ምግብ፣ 24,000ው ለመጓጓዣ፣ 18,000ው ለቀለም፣ ለወረቀትና ለመሳሰለው ነው። የቀረው 30,000 ብር የሥነ ልቡና ትምህርት ለተማሩ አንዲት ባለሙያ ይከፈላል። እኛ የ18 ዓመት ልጆች የሕፃን ኀዘን እንዴት እንደሚያዝ እናውቃለን አንልም፤ ስለዚህ ባለሙያዋ አስቀድመው ሁለት ቀን ያስተምሩናል።

ይህን ያህል ገንዘብ በቶሎ የሚሰበሰበው በኢንተርኔት መሆኑ የማይካድ ነው። በ8100 አጭር ቁጥር ለሕዳሴው ግድብ ገንዘብ ሲዋጣ ሁላችንም አይተናል። አሠራሩም ከባድ አይደለም፤ አንድ ገጽ ይከፈታል፣ ምክንያቱና የሚፈለገው ልክ ይጻፍበታል፣ አድራሻው ከስልክ ወደ ስልክ ይተላለፋል፣ የገባው ገንዘብ ለሁሉ ይታያል። ብዙ የታወቀው «ጎፈንድሚ» በአገራችን ባንክ ገንዘብ ስለማይከፍል ገጹን በውጭ አገር የሚኖሩ አንድ የቀድሞ ተማሪ ይከፍቱልናል። በአሜሪካ በካርድ ከሚሰጠው ከእያንዳንዱ 100 ዶላር ከ3 ዶላር ጥቂት ከፍ የሚል ለአገልግሎት ይቀነሳል፤ ይህን ከወዲሁ እንድታውቁት ነው። እዚህ ያለው ሰው በቴሌብር ሊልክ ይችላል።

ክርክር የተነሣው በገጹ ላይ የሚወጣው ፎቶግራፍ የማን ይሁን በሚለው ነው። በዝግጅቱ ስብሰባ ላይ «የሚያለቅስ ሕፃን ካልታየ የሚሰጥ የለም» የሚል አሳብ ቀረበ። ይህን አሳብ ያቀረቡትን አንወቅሳቸውም፤ እኛ ራሳችን አድርገነዋልና።

ከሁለት ዓመት በፊት የአንድ የ4ኛ ክፍል ተማሪ አባት በድንገት ሞተ። እኛም እንርዳ ብለን በልቅሶው ቀን ልጁን በጓሮ በር አጠገብ ተቀምጦ ሳለ ፎቶግራፍ አነሣነው፤ ከባንክ ሒሳብ ቍጥር ጋራ በቴሌግራም በተንነው። በ9 ቀን 31,400 ብር ተሰበሰበ። እናቱ እያለቀሱ መረቁን፤ እኛም ትልቅ ሥራ የሠራን መስሎን ኰራን። ልጁ ወደ ትምህርት ቤት በተመለሰ ጊዜ ግን የክፍሉ ልጆች «የቴሌግራሙ» ብለው ሰየሙት። አንድ ቀን በዕረፍት ሰዓት ወደ ክፍላችን መጥቶ በሩ ላይ ቆመና «ፎቶዬን መልሱልኝ» አለን። ከእኛ ስልክ ላይ አጠፋነው፤ ከሌላው ሺህ ስልክ ላይ ግን ማጥፋት አልቻልንም። በዓመቱ መጨረሻ ትምህርት ቤት ቀየረ።

ካምፑ የሚደረገው እኮ ልጁ ለ5 ቀን «የሞተበት ልጅ» መባሉ ቀርቶ እንደ ልጅ እንዲውል ነው! ለዚያ ገንዘብ ብለን ፊቱን በዓለም ላይ ከበተንነው፣ በአንድ እጃችን የሠራነውን በሌላው እጃችን ማፍረሳችን አይደለምን?

ያለዚያ ገንዘብ አይገኝም ለሚሉን አንድ ምስክር እንጠራለን። በ2020 የኮሮና ወረርሽኝ በገባ ጊዜ ካፕቴን ቶም ሙር የተባሉ የእንግሊዝ አገር ሽማግሌ 100 ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት ሳምንት ሲቀራቸው፣ በብረት መደገፊያ እየተረዱ የግቢያቸውን አትክልት ቦታ 100 ጊዜ ለመመላለስ ተነሡ። ለሐኪም ቤቶች መርጃ ሊያገኙ ያሰቡት 1,000 ፓውንድ ነበር፤ የተሰበሰበው ከ32 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ሆነ። ሰው አይቶ የሰጠው የእርሳቸውን እርምጃ እንጂ የበሽተኛ አልጋ አልነበረም። እድራችንም ቢሆን የማንንም እንባ ሳያሳይ በየወሩ ይሰበስባል።

ስለዚህ በእኛ ገጽ ላይ የሚታየው የእኛው ፎቶግራፍ ነው። ከመጪው ቅዳሜ ጀምሮ ለ6 ሳምንት የትምህርት ቤቱን አጥር ቀለም እንቀባለን፣ አዳራሹን እንወለውላለን፣ የዛፎቹን ጕድጓድ እንቈፍራለን፤ በየሳምንቱም የሠራነው ይወጣል። የሽንኩርት መላጡ ፎቶግራፍ ከወጣ እንባችንን በሌላ እንዳትተረጕሙብን። የልጆቹ ስምም መልክም አይወጣም፤ በካምፑም ውስጥ ስልክ ይዞ መግባት ክልክል ነው። ገቢና ወጪው በየዓርቡ በማስታወቂያው ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል። በዚህ መንገድ 180,000ው ካልሞላ፣ ለ5 ቀን የታሰበውን 3 ቀን እናደርገዋለን።

ያንን ልጅ በዚህ ወር ሄደን ጠይቀነዋል። አሁን 6ኛ ክፍል ነው፤ ቁመቱም ጨምሯል። ይቅርታ ጠየቅነው፤ መልስ አልሰጠንም። ስለ ካምፑ በነገርነው ጊዜ «ፎቶ አለ?» አለ። «የለም» አልነው። «እንግዲያስ አስብበታለሁ» አለ። ለእርሱ አንድ ቦታ ይዘንለታል።

ልጆቻቸውን ለመላክ የሚፈልጉ አሳዳጊዎች ስም የሚያስመዘግቡት በቤተ መጻሕፍቱ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ መዝገቡ ተዘግቶ የሚቀመጥ ስለ ሆነ ሌላ ሰው አያነበውም። ቡሩሽና ባልዲ ያላችሁም ለቅዳሜ አውሱን።